ለገዢ የተቀባ ቤት

ወንድሜ በሞተበት ቀን ዋዜማ ግድግዳ ስቀባ ነው የዋልኩት።

ተራ ቀን ነበር። ሮቤ እንደ ልማዷ ጠዋት ውርጭ ነበረባት። ረፋዱ ላይ ፀሐይ ወጣ፤ ጋሪዎች እህል ጭነው ወደ ወፍጮ ቤቱ አለፉ። እኔ አንድ ባልዲ ቢጫ ቀለምና አንድ ሮለር ይዤ በመንገዱ በኩል ያለውን ግድግዳ እቀባለሁ። በመንገዱ በኩል ያለውን ብቻ። በጓሮ በኩል ልስኑ ወልቆ ጭቃውና ጭዱ ይታያል። እሱ ይቅር ተባለ። ገዢ ጓሮ አይዞርም ተባለ። ይህን ያለው የእህቴ ባል ነው።

ስለ እሱ አስቀድሜ ልናገር፤ አለዚያ ሌላው አይገባም። የእህቴ ባል ከአዳማ የመጣው ቤታችንን ሊሸጥ ነው። እናታችን ካረፈች በኋላ ቤቱ የሦስታችን ሆነ፤ የእህቴ፣ የታላቅ ወንድሜና የእኔ። እህቴ አዳማ ነው የምትኖረው። ሰውዬው በየደቂቃው «አዳማ ውስጥ ቤት ሲሸጥ እንዲህ አይደለም» ይላል። ቤት አጣቢው፣ ዕቃ ደርዳሪው፣ ሽቶ ረጪው ሁሉ እዚያ በሙያተኛ ነው ይላል። አዳማ ውስጥ የራሱ ቤት የለውም። ተከራይ ነው። ግን ስለ ቤት ሲያወራ የሚሰማው ሰው ከተማውን እሱ የሠራው ይመስለዋል።

ወንድሜ ኮምባይነር ነጂ ነበር። በአጨዳ ወቅት በሲናና በኩል እሱ ያልገባበት የስንዴ ማሳ የለም ማለት ይቻላል። የሳሎናችን ወለል ሲሚንቶ የሆነው በእሱ ሥራ ነው፤ ከዚያ በፊት አፈር ነበር። ከዚያ ጉበቱን ታመመ። ሆዱ አበጠ፤ ክንዱና ጭኑ ግን አለቀ። ጎባ ሆስፒታል ተኝቶ ከርሞ ወደ ቤት ተመለሰ። ሐኪሞቹ ለእኛ የነገሩንን እሱም ያውቀዋል፤ ማንም ግን አልነገረውም።

ቤቱ የሚሸጠው ለእሱ መታከሚያ ነው ተባለ። አዲስ አበባ ይወሰዳል ተባለ። የእህቴ ባል ይህን ሲናገር ድምፁን ዝቅ አድርጎ እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል። በስልክ ስለሚገዛው ሚኒባስ ሲያወራ ደግሞ ድምፁ ከቤት ውጭ ይሰማል። ወንድሜ ሁለቱንም ይሰማ ነበር።

በዚያ ቀን ወንበር አውጥቼለት ጋቢ ተከናንቦ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። እኔ እቀባለሁ፤ እሱ ይሳደባል።

«አንተ ጩጬ! ጥጃ የምትልስ ላም መሰልክ እኮ። ከላይ ወደ ታች በለው።»

«ከላይ ወደ ታች ነው እያልኩ ያለሁት።»

«ታዲያ ያ ምንድን ነው፣ ያ መሐል ላይ ያለው? የጎባ መንገድ ነው?»

ሳቀ። ሲስቅ ሆዱን በሁለት እጁ ይደግፋል፤ እንዲያ ካልሆነ ያመዋል። እኔም ሳቅሁ። ተራ ቀን ነበር ስል ይኼን ማለቴ ነው። ሌላ ነገር አልነበረውም።

ከሰዓት አካባቢ አይሱዙ መጥቶ በራችን ላይ ቆመ። ሶፋ ወረደ። የእህቴ ባል ሶፋውን የተከራየው ጎባ ካለ የሠርግ ዕቃ አከራይ ነው። ሙሽሮች የሚቀመጡበት ሶፋ ነው፤ ነጭ ሆኖ ጠርዙ ወርቅ መሳይ፣ መደገፊያው ከሰው ራስ በላይ የሚቆም። በሳሎናችን በር አልገባ አለ። አስተኝተው፣ አቁመው፣ አጋድመው፣ በመጨረሻ መዝጊያውን ከማጠፊያው ነቅለው አስገቡት። ወንድሜ ከወንበሩ ሆኖ ሁሉንም አየ።

«አማችዬ» አለው፣ «ማንን ልትድሩ ነው?»

«ቤት እኮ ዕቃ ነው የሚያሳምረው» አለ የእህቴ ባል፣ ላቡን እየጠረገ። «አዳማ ባዶ ቤት ለገዢ አይታይም።»

«አይ፣ ሙሽራዋን ማለቴ ነው። ሙሽራው እኔ ነኝ፤ ሆዴን አታይም? ተቀልቤልሃለሁ።»

እህቴ ከኩሽና ወጥታ «ተው እንጂ፣ ወንድም ዓለም» አለችው። ዓይኗ ቀልቷል። እሷ ክፉ አይደለችም። ባሏ ባለበት ግን አታስብም፤ እሱ ያስብላታል።

የግድግዳው ሥዕል ነገርም አለ። ሳሎናችን ውስጥ ከእናታችን ዘመን ጀምሮ የማርያም ሥዕል ተሰቅሎ ነበር። ገዢው የጊኒር የበግ ነጋዴ ነው። ስሙ ደግሞ የኦሮሞ ስም ነው፤ ከስሙ ክርስቲያን ይሁን ሙስሊም ማወቅ አልተቻለም። የእህቴ ባል በዚህ ሲጨነቅ አረፈደ። ሦስት ሰው ጋ ደወለ። አንዱ ሙስሊም ነው አለው፣ አንዱ ጴንጤ ሳይሆን አይቀርም አለው፣ ሦስተኛው ምን አገባህ አለው። በመጨረሻ ሥዕሏን አውርዶ አልጋ ሥር አስገባትና በምትኳ ከአሮጌ ቀን መቁጠሪያ የተቀደደ የቀይ ቀበሮ ፎቶ በፍሬም ሰቀለ።

«አውሬ ሃይማኖት የለውም» አለ፣ በራሱ ተደስቶ።

«ለበግ ነጋዴ ቀበሮ ታሳያለህ?» አለው ወንድሜ።

ወሳኙ ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የእህቴ ባል ወንበር ስቦ ከወንድሜ አጠገብ ተቀመጠ። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ይኼን ስናይ እኔም ወንድሜም የሚለምነው ነገር እንዳለ አወቅን።

«ነገ ገዢዎቹ ሲመጡ» አለ፣ «ለአንድ ቀን፣ ለጥቂት ሰዓት ነው፣ አዴ ቤት ብትሆን። ለአንተም ዕረፍት ነው። ሰው ሲገባ ሲወጣ…»

አዴ የአጥር ጎረቤታችን ናት። ትልቅ ሴት ናት፤ ሙስሊም ናት፤ እኛን ከእናታችን ጋር ያሳደገች ናት ማለት ይቻላል። ሰፈሩ ሁሉ አዴ ነው የሚላት።

«እሸታለሁ?» አለ ወንድሜ።

«ኧረ እንደሱ አይደለም!»

«እሸታለሁ እንጂ። መድኃኒት እሸታለሁ። ሽቶውን እኔም ላይ ብትነፋው አይሻልም?»

«የታመመ ሰው ያለበት ቤት ገዢ ይፈራል» አለ የእህቴ ባል። አሁን ድምፁ ዝቅ ማለቱን ትቷል። «ይሄ ሰው ለችግር ነው የሚሸጠው ይላል። ዋጋ ይሰብራል። ለአንተው ነው እኮ የምንለፋው።»

ወንድሜ እኔን ጠራኝ። ሮለሩን ይዤ ሄድኩ። የእህቴ ባል እያለ፣ እህቴም እየሰማች ነው የነገረኝ።

«ነገ አዴ ጋ ትወስደኛለህ። ሲሄዱ ትመልሰኛለህ። እኔ ከሰው ቤት አልወጣም። ስወጣ ከዚህ በር ነው የምወጣው። ሰማህ?»

ስለ ምን መውጣት እንደሚያወራ ሁላችንም ገብቶናል። የእህቴ ባል «ምን ዓይነት ወሬ ነው» አለና ተነስቶ ሶፋውን ሊወለውል ገባ። እኔ «እሺ» አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ወሰድኩት። የአዴ ሁለት ወንዶች ልጆች ፍራሹን ይዘውልኝ በአጥሩ ክፍተት አለፍን። አዴ በሯ ላይ ቆማ ጠበቀችን። ወንድሜን ስታይ ፊቷን አላጠቆረችም። «ኢልማ ኮ፣ ፈያዳ?» አለችው፤ ልጄ፣ ደህና ነህ ማለቷ ነው። «ደህና ነኝ፣ አዴ፤ ተባርሬ ነው» አላት። እሷም «የተባረረ ሁሉ እኔ ጋ ነው የሚመጣው፤ ዶሮውም አንተም» አለችው። ሳቀ። ሆዱን ግን አልደገፈም፤ እጁን ማንሳት አልቻለም ነበር። ይኼን አይቻለሁ። አይቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ፤ የእህቴ ባል እየተጣራ ነበርና።

የእኔ ሥራ ውሃው ነው። በሰፈራችን የቧንቧ ውሃ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው፤ በዚያ ሳምንት ጭራሽ አልመጣም። የእህቴ ባል በጋሪ ውሃ አስመጥቶ ጓሮ ያለችውን አሮጌ ሮቶ አስሞላ፣ በጎማ ቱቦ ከኩሽናው ቧንቧ ጋር አገናኘ። መገናኛው ግን ያፈሳል። ክፍት ከተተወ ጓሮውን ያጨቀያል፣ በግድግዳው ሥርም ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ እኔ ጓሮ፣ ያልተቀባው ግድግዳ ጋ ተደብቄ፣ የገዢው ሚስት ቧንቧውን ስትከፍት የሮቶውን መክፈቻ እከፍታለሁ። ስትዘጋ እዘጋለሁ። ምልክቱ የእህቴ ባል ሳል ነው። አንድ ጊዜ ከሳለ ክፈት። ሁለት ጊዜ ከሳለ ዝጋ። አሥራ ሁለት ዓመት የተማርኩት ለዚህ ነበር።

በጠዋት ይመጣሉ የተባሉት ከሰዓት በኋላ መጡ። መኪናቸው ከጊኒር መንገድ አቧራ ለብሳለች። ባልና ሚስት ናቸው። ሰውዬው አጭር ነው፤ ኮፍያ አድርጓል፤ ብዙ አያወራም። ግድግዳውን በጣቱ አጥንት ያንኳኳል፣ ጆሮውን ያስጠጋል፣ እንደገና ያንኳኳል፤ ሐብሐብ የሚመርጥ ነው የሚመስለው። ሚስቱ ሽቶዋ ከእኛ ሽቶ ጋር ተጣልቶ እስከ ጓሮ ይመጣል። ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ነውና ሮቤ ላይ ቤት ይፈልጋሉ፤ የተረፈውን ክፍል ለመምህራን ያከራያሉ። የእህቴ ባል ከኋላ ከኋላ እየሄደ «ይሄ ሲሚንቶ ነው፤ ባለፈው ጊዜ ነው ያስደረግነው» ይላል። ያስደረግነው። እሱ ሲሚንቶው ሲለሰን አዳማ ነበር።

በኩሽናው መስኮት ሁሉም ይሰማኛል።

«ሶፋው አብሮ ይሸጣል?» አለች ሴትየዋ።

«እሱ እንኳን…» አለ የእህቴ ባል፣ «የቤተሰብ ቅርስ ነው።»

በዚህ ጊዜ ነው አዴ በአጥሩ ላይ የጠራችኝ። ጮኻ አይደለም። «ኮቱ» አለችኝ፤ ና ማለት ነው። ሁለተኛ አልጠራችኝም። መክፈቻውን ለቅቄ ሄድኩ።

ወንድሜ በጀርባው ተኝቷል። አዴ ዓይኑን ከድናዋለች። በከንፈሯ የምትለውን ትላለች፤ ኢና ሊላሂ ስትል ሰማሁ። ከዚያ ግንባሩን በመዳፏ ጠረገችው፤ ላብ እንዳለው ሰው። «ውሃ ጠየቀኝ» አለች። «ላመጣ ዞርኩ። ስመለስ…» ሌላ አላለችም። ልጆቿ በር ላይ ቆመው መሬት መሬት ያያሉ።

አልጮኽኩም። ለምን እንዳልጮኽኩ አላውቅም። በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ይጮኻል፤ ጎረቤት የሚያውቀው በዚያ ነው። እኔ ግን ድምፅ አልመጣልኝም። ተነስቼ ወደ ቤታችን ሄድኩ። እህቴን ልነግራት ነው የሄድኩት።

የእህቴ ባል ኩሽናው በር ላይ አገኘኝ። ፊቴን አየ። ደነገጠ፤ ይኼን አልክድለትም፣ ደነገጠ። ከዚያ ግን ወዲያው ክንዴን ይዞ ወደ ጓሮ ጎተተኝ።

«አረፈ?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«እግዚአብሔር ያጽናህ። ስማኝ፣ የኔ ወንድም። ግማሽ ሰዓት። ግማሽ ሰዓት ብቻ ያዘው። ዋጋ ላይ ደርሰናል። እሱ ከእንግዲህ የትም አይሄድም፤ እነሱ ግን ይሄዳሉ።» ወደ አዴ ቤት ተመለከተ። የሚሰማ ነገር አልነበረም። ትከሻው ረገብ አለ። «ሙስሊም ቤት መሆኑ እንኳን ጥሩ ሆነ» አለኝ። «እነሱ አይጮኹም።»

ይኼን እንደ ምስጋና ነው ያለው። እስከ ዛሬ ሌላ የተናገረውን ሁሉ ልረሳለት እችል ይሆናል፤ ይኼን ግን አልችልም።

እህቴ ሚሪንዳ በትሪ ይዛ ከሳሎን ስትወጣ በሩ ላይ ተያየን። አልነገርኳትም። ባሏ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ ነበር፤ እሱን አየች፣ እኔን አየች። ትሪውን መሬት ላይ በቀስታ አስቀመጠች። አንድም ጠርሙስ አልተጋጨም። ከዚያ ነጠላዋን ጠቅልላ አፏ ውስጥ ከተተች፤ ጨብጣ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ኩሽናው ጥግ ተቀመጠች።  ድምፅ የለም።

ወደ ሮቶው ተመለስኩ። የእህቴ ባል ሳለ። አንድ ጊዜ።

ከፈትኩ። ውሃው በቱቦው ሄደ፤ ሴትየዋ «ውሃስ አለ» ስትል ሰማሁ። እጄ እርጥብ ነበር፤ መገናኛው እያፈሰሰ። ሁለት ጊዜ ሳለ። ዘጋሁ።

«ጎረቤት እንዴት ነው?» አለች ሴትየዋ። «ሰላም ነው? ረብሻ ምናምን?»

«ኧረ!» አለ የእህቴ ባል። «ሰው መኖሩም አይታወቅ።»

ሰውዬው በመጨረሻ አንድ ነገር ተናገረ፤ «ይሄ ግድግዳ እርጥበት አለው» አለ። ከዚያ ነገ ጠዋት ሽማግሌ ይዘው መጥተው ቀብድ እንደሚሰጡ ተስማሙ። ከሰፈራችን ወጣ ብሎ ባለው አዲሱ ሆቴል እንደሚያድሩ ነገሩት። የእህቴ ባል እስከ መኪናው ሸኛቸው። የመኪናቸውን በር ከፈተላቸው፤ ጎንበስ ብሎ ዘጋላቸው። መኪናዋ ወፍጮ ቤቱ ጋ እንደታጠፈች እህቴ ነጠላውን ከአፏ አወጣችው። ከዚያ በኋላ የጮኸችውን ጩኸት ልጽፈው አልችልም።

ሰው መጣ። የእድሩ ሽማግሌዎች መጥተው በግቢያችን፣ በአጥሩ ክፍተት አጠገብ ቆሙ። ድንኳን የት ይተከል የሚል ነገር ተነሳ። በእኛ ልማድ ይኼ ጥያቄ ሆኖ አያውቅም። ድንኳን በሟች በር ላይ ነው የሚተከለው፤ አስከሬንም ከቤቱ ነው የሚወጣው፤ መንገድ ላይ የሞተ እንኳ ቤቱ ገብቶ ነው የሚወጣው። የእህቴ ባል ግን ጋቢ ደርቦ፣ ራሱን አዘንብሎ፣ ሐዘንተኛ መስሎ ሽማግሌዎቹን ለብቻ ያዛቸው።

«ያረፈው አዴ ቤት ነው» አላቸው። «እዚያው ቢሆንስ? ከዚያው ወደ ቤተ ክርስቲያን። ለአንድ ጠዋት ነው። ድንኳን በር ላይ ካዩ ሰዎቹ ይመለሳሉ። ሟች ለሚወዳቸው ለእህቱና ለወንድሙ ብዬ ነው የምለው።»

የእድሩ ዳኛ «ሰው በኖረበት ነው የሚለቀስለት» አለ። ደስ አለኝ። ቀጥሎ ግን «እንግዲህ ቤተሰቡ ከተስማማ…» አለ። ሌሎቹም «ቤተሰቡ ከተስማማ» አሉ። አንዱ አፈር በጫማው ጫር ጫር አደረገ። የተከበሩ ሰዎች ናቸው። ሠርግ ላይ ረዥም ምርቃት ይመርቃሉ፤ እርቅ ላይ ግማሽ ቀን ይናገራሉ። አንድ ተከራይ ከአዳማ መጥቶ በሰፈራቸው ሥርዓት ሲያዝባቸው ግን «ቤተሰቡ ከተስማማ» አሉ።

እህቴን አዩዋት። እሷ ባሏን አየች።

አዴን ጠየቋት። አዴ እንዲህ አለች፤ «የኔ በር ክፍት ነው፤ ወላሂ ዓመት ይተኛ። ግን ልጁ በር አለው።» ይኼን ብላ ገባች። 

እኔን ማንም አልጠየቀኝም። የቤቱ ሦስተኛ ባለቤት ነበርኩ። ይቅርታ፣ አሁን ሳስበው ሁለት ብቻ ነበር የቀረነው።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ያደረግሁት ይህ ነው።

የአዴን ልጆች ቀሰቀስኩ፤ ነገሩ አልተኙም ነበር። ምንም አላስረዳኋቸውም። ፍራሹን በአራት ጫፍ ያዝን፤ አራተኛዋ አዴ ነበረች። ያቺ ትልቅ ሴት። ልከለክላት ስል «ዝም በል» አለችኝ። በአጥሩ ክፍተት አላለፍንም። ዞረን በመንገዱ ወጣን፤ ሰው እንዲያይ፣ በትልቁ በር እንዲገባ። ውርጩ ከእግራችን ሥር ይሰበራል።

የእህቴ ባል ጋቢውን እንደተከናነበ ከሳሎን ወጣ። መዝጊያው ከተነቀለ ወዲህ አልተመለሰም ነበርና የሚዘጋብን ነገር አላገኘም። መሐል ላይ ቆመ።

«ምንድን ነው የምታደርጉት? ኧረ ቀስ! መቃኑ አልደረቀም፤ ቀለሙ!»

ያለው ይኼን ነው። ቃል በቃል። የአዴ ታላቅ ልጅ በትከሻው ገፋው፤ አልመታውም፣ ገፋው ብቻ። አለፍን። ነጩን ሶፋ በእግሬ ወደ ግድግዳ ገፍቼ ወንድሜን መሐል ወለሉ ላይ አስተኛሁት፤ ራሱ ባሠራው ሲሚንቶ ላይ። እህቴ ከጓዳ ወጥታ አጠገቡ ወደቀች። ባሏ «ሰዎቹ እኮ…» ብሎ ሲጀምር ቀና ብላ አየችው። ዝም አለ። ስንት ዓመት ነው ከተጋቡ፤ ዝም ሲል ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እኔ አልቆየሁም። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ በዚያ ሰዓት ነው የሚወጣው። ሞት ሲኖር ሰፈሩን እየዞረ ጥሩምባ ይነፋል፣ ማን እንደሞተና ከማን ቤት እንደሚነሳ ይናገራል፤ ሰው በዚያ ሰምቶ ይመጣል። ሽማግሌ ነው፤ የወታደር ኮትና ሹራብ ያደርጋል። ወፍጮ ቤቱ ጋ ደረስኩበት።

«አባባ፣ ከማን ቤት ነው የሚሉት?»

«ከአዴ ቤት በሉ ተብያለሁ፣ ልጄ። አማቻችሁ ነው የነገረኝ። እግዜር ያጥናህ።»

«ከራሱ ቤት ነው። አሁን አስገብተነዋል።»

አየኝ። ጥሩምባውን በኮቱ እጅጌ ጠረገ። «እኔም ከአዴ ቤት ማለቱ አልጣመኝም ነበር» አለ። «በል እንሂድ።»

አብሬው ዞርኩ። በየመስቀለኛው መንገድ ይነፋል፤ ከዚያ በወፍራም ድምፁ ይናገራል። በሮች ይከፈታሉ፤ ሴቶች ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ይወጣሉ፤ ወንዶች «ስንት ሰዓት?» ይላሉ። የሰፈራችን መጨረሻ ላይ ስንደርስ ሊመለስ ዞረ።

«አንድ ቦታ ይቀረናል» አልኩት።

ወደ አዲሱ ሆቴል ወሰድኩት። ግቢው ውስጥ ያቺ የጊኒር አቧራ የለበሰች መኪና ቆማለች። መጋረጃው ሁሉ እንደተዘጋ ነው።

«እዚህ የእድራችን ሰው የለም እኮ» አለኝ።

«እንግዳ አለ፣ አባባ። መስማት ያለበት እንግዳ አለ።»

«ሰው ተኝቷል፣ ልጄ።»

«ይንፉ። ቤቱንም በደንብ ይንገሩልኝ። ስም ብቻ አይበቃም፤ እነሱ የሰፈሩን ሰው አያውቁም። ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ፣ በመንገዱ በኩል ብቻ ቢጫ የተቀባው ቤት ይበሉ።»

ሽማግሌው ለአፍታ እኔንም መኪናዋንም አየ። የሰማው ነገር ነበር መሰለኝ፤ ሮቤ ላይ የማይሰማ ነገር የለም። ጥሩምባውን ወደ ላይ፣ ወደ ሁለተኛው ፎቅ አቀና። በየመስቀለኛው ከነፋው ይልቅ እዚያ አስረዝሞ ነፋ። ከዚያ እንዳልኩት ተናገረ፤ ማን እንደሞተ፣ ከየትኛው ቤት እንደሚነሳ፤ ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ፣ በመንገዱ በኩል ብቻ ቢጫ የተቀባው።

ላይ አንድ መጋረጃ ተገለጠ። ኮፍያ ያላደረገ ሰው ራስ አየሁ።

«ይድገሙት፣ አባባ» አልኩ።

ደገመው።